አስምና ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ በሽታ በጅማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግኩት ጅማ ነው። አንድ ሰሞን ለጤና ጥናቶች ቤት ለቤት እየዞርኩ መረጃ ሰብስቤአለሁ። ስለ አስም መጠየቅ ስጀምር ሰዎች መልሰው እኔን ይጠይቁኝ ነበር። አሁንም ይጠይቁኛል፤ ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤ የምችለውን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በቤታችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አስም እና «ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ በሽታ» አንድ ናቸው?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

አስም ሲነሳ የአየር ቧንቧው ውስጡ ያብጣል፣ ዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ አክታ ይበዛል። ትንፋሽ ሲወጣ ሲር ሲር ይላል። ደረት ይታፈናል። ሳሉ ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል። ከዚያ በመድኃኒት ወይም በራሱ ጊዜ ይለቃል። የአስም ዋና ጠባዩ ይህ መምጣትና መሄዱ ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፤ በጎልማሳነት የሚጀምራቸውም አሉ።

ሌላው ሐኪሞች በምህጻር ሲኦፒዲ የሚሉት ነው። እዚህ ቧንቧው ለዓመታት በጪስ ወይም በአቧራ ሲጎዳ ኖሮ ይጠባል፤ የሳምባው ከረጢቶችም ይበላሻሉ። ጥበቱ በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዳገት ሲወጡ ድካም ይሆናል፣ ከዚያ ሜዳ ላይ፣ በመጨረሻ ልብስ ሲለብሱ። ብዙውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ስለሚታይ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላል።

በአስም ጥናት የጅማ ስም ለምን ይነሳል?

ብዙ የጅማ ልጅ ይህን አያውቅም። እኔም ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ከተማችን ስለ አስም ስርጭት በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ የታወቀች ናት።

በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ12,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ውጤቱ በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። አስም አለብኝ ያለው ሰው በከተማው 3.6 በመቶ፣ በገጠሩ ደግሞ 1.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከተማው ከገጠሩ በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? በዚያን ጊዜ በሀብታም አገሮች አስም እንደ ጉድ እየጨመረ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ በዚያው አሥር ዓመት ከተጠየቁት የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ሲሶ ገደማው ባለፈው ዓመት ደረታቸው ሲር ሲር ብሏል። ለምን እንደሆነ ሁሉም ይጠይቃል። አገር ከአገር ስታወዳድሩ ግን ነገሩ ይቀላቀላል፤ ዘሩ፣ ምግቡ፣ አየሩ፣ ቤቱ፣ ሐኪሙ ሁሉ ይለያያል። ጅማ ላይ እንዲህ አይደለም። የከተማው ሰውና የገጠሩ ሰው ወንድማማች ነው። ከሰቃ ወይም ከሰርቦ ገጠር የመጣው የአጎት ልጅ ከተማው ውስጥ መንቲና ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል። ዘሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ። ልዩነቱ አኗኗሩ ነው። ስለዚህ ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ ሰው ምን እንደሚለወጥበት ለማየት ጅማ ጥሩ ቦታ ሆነች።

ሌላም ነገር ተገኘ። ቆዳቸው ላይ የአለርጂ ምርመራ ሲደረግላቸው ምላሽ ያሳዩ ሰዎች በገጠሩም ነበሩ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ ለእነሱ ማለት ነው። በከተማው እንዲህ ያለ ምላሽ ያለው ሰው ደረቱ ሲር ሲር የማለት ዕድሉ ከፍ ይላል። በገጠሩ ግን ይህ ዝምድና አልታየም። ሰውነታቸው አለርጂውን ያውቀዋል፣ ደረታቸው ግን አይታፈንም። አንድ ነገር እየከለከለው ነው ማለት ነው።

ምንድን ነው የከለከለው? የሆድ ትል ነው የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። በ2001 እዚሁ ጅማ አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት ሲር ሲር የሚልባቸውንና የማይልባቸውን ሰዎች አወዳደረ። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የማለት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ለዓመታት ለመኖር የሰውነትን መከላከያ ማለሳለስ አለበት። ያ መለሳለስ አለርጂውንም አብሮ ያበርደዋል።

አሁን የምፈራው ጥያቄ ይመጣል፦ «እንግዲያ የትል መድኃኒት ለልጄ አልስጥ?»

ስጡ! ሁክዎርም ደም ይመጥጣል። ልጅን ያመነምናል፤ ነፍሰ ጡርን ለደም ማነስ ይዳርጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች አስም ያለባቸውን ፈቃደኞች ሆን ብለው በጥቂት ሁክዎርም አስይዘው ሞክረው ነበር። ውጤቱ በ2010 ሲወጣ አስማቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። የጅማው ጥናት ስለ ሰውነት መከላከያ ብዙ አስተምሯል። ትል መድኃኒት ነው ግን አላለም። በትምህርት ቤት የሚታደለውን የትል ክኒን ልጆቻችሁ ይዋጡ።

ከትሉ ሌላ ምክንያቶችም ይጠረጠራሉ። ከከብት ጋር አብሮ ማደግ፣ በልጅነት ከብዙ ዓይነት ተሕዋስያን ጋር መገናኘት፣ የምግብ ለውጥ፣ በከተማ የተዘጋ ቤትና ወፍራም ፍራሽ፣ የመኪና ጪስ። ላምባም አለ። በዚያው በ2001 የወጣ የጅማ ጥናት በቤታቸው ላምባ (ነጭ ጋዝ) የሚያነዱ ሰዎች ለአለርጂ ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቡታ ጋዙም የላምባ ምድጃውም አንድ የሚመስላቸው አሉ። አንድ አይደሉም፤ ላምባ ብዙ ጥላሸትና የሚያቃጥል ጪስ ይሰጣል።

ግን ቁጥሩን ማን ያምነዋል? አንዱ 2 በመቶ ይላል፣ ሌላው 10 ይላል።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ ያለው ጥያቄው እንዴት ተጠየቀ የሚለው ላይ ነው።

«ሐኪም አስም አለብህ ብሎህ ያውቃል?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምትቆጥሩት ሐኪም ዘንድ የደረሰውን ሰው ብቻ ነው። ደዶ ገጠር ውስጥ ያለች፣ ስትታፈን የባህር ዛፍ ቅጠል የምትታጠን እናት «አይ» ትላለች። «ደረትህ ሲር ሲር ብሎ ያውቃል?» ካላችሁ ደግሞ በሕፃንነቱ አንዴ ጉንፋን የያዘውም ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙ ጥናቶች «ባለፉት 12 ወራት» ብለው ይወስናሉ። ሦስቱ ጥያቄዎች ከአንድ መንደር ሦስት ቁጥር ያወጣሉ። ጋዜጣ ላይ መቶኛ ስታዩ መጀመሪያ ጥያቄው ምን ነበር በሉ።

ከዚያ ቃሉ ራሱ አለ። እንግሊዝኛው ለዚህ ድምፅ አንድ የተለየ ቃል አለው። እኛ ሲር ሲር፣ ማፏጨት፣ ማንኮራፋት፣ ማቃሰት እንላለን፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ጅማ ውስጥ ደግሞ ግማሹን ቤት በአማርኛ፣ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ነው የምትጠይቁት። አንዴ አንድ አዛውንት «ሲር ሲር ይላል ወይ?» ስላቸው «አዎ፣ ሌሊት ሌሊት» አሉኝ። ጽፌ ጨረስኩ። ባለቤታቸው ከጎን «እሱ ማንኮራፋቱ ነው እኮ!» አሉ። ሰረዝኩ።

ይህ ችግር የዓለም ችግር ነው። በ1990ዎቹ ኢሳክ የሚባል ግዙፍ ጥናት በ56 አገሮች በ155 ማዕከሎች 463,801 የ13 እና የ14 ዓመት ልጆችን ጠይቋል። ከኢትዮጵያ አዲስ አበባና ጅማ ነበሩበት። ተማሪዎቹ ወረቀቱን ከመሙላት ሌላ በብዙ ቦታ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደርጓል። በቪዲዮው ትንፋሹ የታፈነ ልጅ ይታያል፤ «አንተስ እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?» ይባላል። ቃል ከመተርጎም ማሳየት ይቀላል። በዚያ ጥናት ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ቁጥር ካሳዩት አገሮች አንዷ ነበረች። ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ከላይ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያንገበግበኛል። አንድ ቀን አንድ ግቢ ገባሁ። አባወራው በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ወንበር አወጡልኝ። የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ ጠየቅኩ። «በዚህ ቤት አስም የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከማድቤት ሳል ይሰማል። የማያቋርጥ ሳል። እንጀራ እየተጋገረ ነበር፣ ጪሱ በበሩ ይወጣል። «ማናቸው?» አልኩ። «እሷማ ጪሱ ነው» አሉኝ። ሴትየዋን ጠርቼ ራሴ ስጠይቃቸው ሦስት ዓመት ሙሉ አክታ ያለው ሳል፣ ዳገት ላይ ድካም፣ ሌሊት መታፈን። አባወራው አልዋሹም። በሽታ መሆኑን አላወቁም እንጂ። ስንት ግቢ ውስጥ እንዲህ እንዳለፍን አስባለሁ።

እናቴ ሲጋራ ነክታ አታውቅም። የአጫሽ በሽታ ነው የሚሉት እንዴት ያዛት?

በሀብታም አገሮች ከሲኦፒዲ ሕመምተኞች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሲጋራ ምክንያት የታመሙ ናቸው። በእንደኛ ዓይነቱ አገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሲጋራ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። የቀረው ከየት መጣ? ትልቁ ክፍል ከማድቤት።

በኢትዮጵያ ትንባሆ የሚጠቀም ሰው ጥቂት ነው። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትንባሆ ጥናት ከአዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከሴቶች 1.8 በመቶ። በአንጻሩ ከአሥር ቤት ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በገለባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አየር በደንብ በማይገባባቸው ቤቶች የደቃቁ ጪስ መጠን ከሚፈቀደው 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል ይላል። ያ ጪስ ለዓይን ጥቁር ሆኖ የሚታየው ብቻ አይደለም። ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጅ ያነሰው ብናኝ ነው ሳምባ ሥር የሚገባው።

እንግዲህ አስቡት። ልጅቷ ሰባት ስምንት ዓመቷ ላይ እሳት ማንደድ ትጀምራለች። እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ ሥር ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። ስታገባ የራሷን ማድቤት ትይዛለች፤ ልጅ አዝላ ትጋግራለች፣ ልጁም አብሮ ይተነፍሳል። እንዲህ እያለ 40 ዓመት ይሞላል። ሲጋራ አልነካችም። ሳምባዋ ግን የአጫሽ ሳምባ ነው። ሐኪም ቤት ስትቀርብ «ያጨሳሉ?» ትባላለች። «ኧረ በስመአብ!» ትላለች። ጥያቄው እዚያ ካበቃ ሲኦፒዲ የሚባለው ሐሳብ አይነሳም። ብሮንካይት ነው ወይ ብርድ ነው ተብላ አንቲባዮቲክ ይዛ ትመለሳለች። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ስንት ዓመት በእንጨት እንዳበሰላችሁ እናንተው ንገሩ። ባይጠይቋችሁም ንገሩ።

ከቤት ውስጥ ጪስ የተነሳ በዓለም በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከእነዚህ ከ237,000 በላይ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

«ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ገዛሁ። በቃ ተገላገልኩ ማለት ነው?

ጥሩ አድርጋችኋል። ከሦስት ጉልቻ ይሻላል፤ እንጨትም በጣም ይቆጥባል። ለከሰል ደግሞ «ላቀች» የሚባል ምድጃ አለ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ እንጨት መቆጠብና ሳምባን ማዳን አንድ አይደሉም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ነበር። ለቤቶቹ ጪስ የሚቀንስ ምድጃ ተሰጠ። በ2016 ውጤቱ ሲታይ የሕፃናቱ የሳምባ ምች አልቀነሰም። ጪሱ ቢቀንስም ገና ብዙ ነበር። ቆሻሻ ማቃጠሉ፣ የጎረቤት ጪስ፣ አሮጌው ጉልቻ ጎን ለጎን መቀጠሉም አለ።

ለውጥ የሚያመጣው ኤሌክትሪክና ቡታ ጋዝ ነው። መብራት ይጠፋል፣ አውቃለሁ። ምጣዱ ላይ ሊጥ ካፈሰሱ በኋላ ሲጠፋ ያለውን ንዴትም አውቃለሁ። እስከዚያው ግን ማድቤቱን ከመኝታ ቤት ለዩ። ጣሪያው ሥር ጪስ የሚወጣበት ክፍተት አብጁ። እርጥብ እንጨት አታንድዱ፤ በጅማ ዝናብ ይህ ከባድ ነው፣ ስለዚህ እንጨቱን ከክረምት በፊት አስገቡ። ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው።

ቡና ማፍላትና ዕጣንስ? እሱንም ልትከለክሉን ነው?

ማንም ጅማ ላይ ቡና አትጠጡ አይልም። ግን ሥነ ሥርዓቱ ውስጥ ሦስት ጪስ አለ፦ የከሰሉ፣ የሚቆላው ቡናና የዕጣኑ። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ቡናውን በረንዳ ላይ ወይም በር ተከፍቶ ቁሉት። ዕጣኑ ይቅር። የተቆላውን ቡና «አሽቱ» ብላችሁ አፍንጫው ሥር አታዙሩ፤ ነውር አይደለም፣ እንግዳውም ይረዳል። ከሰል በር ተዘግቶ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አታሳድሩ። ይህ የአስም ብቻ ጉዳይ አይደለም፣ የከሰል ጋዝ ሌሊቱን ይገድላል።

ቡና መፈልፈያ ውስጥ እሠራለሁ። ሳሌ ከሥራዬ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። ጀንፈል ሲፈለፈል የሚቦንነው አቧራ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካዎች የተደረጉ ጥናቶች እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ከውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠራተኞች ይልቅ ሳልና የትንፋሽ ችግር እንደሚበዛባቸው አሳይተዋል። ጅማ፣ አጋሮ፣ ማና ላይ ስንት ሰው በዚህ ይተዳደራል! ለቀማ ላይ ተቀምጠው ክፉውን ከደጉ የሚለዩ ሴቶችም ከአቧራው አያመልጡም።

አንድ ቀላል ምልክት አለ። እሑድና በዓል ቀን ይሻላችኋል? ሰኞ ሥራ ስትገቡ ይመለሳል? ከሆነ ሥራውን ጠርጥሩ፣ ለሐኪሙም ይህንኑ ንገሩ። ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠም ትልቁን አቧራ ይይዝ ይሆናል፣ ደቃቁን ግን አይይዝም። የጅማ በርጩማና ሌላ የእንጨት ሥራ የሚሠሩ፣ እህል ወፍጮ ቤት የሚውሉ፣ ሲሚንቶ የሚያራግፉም እንዲሁ ናቸው።

ይተላለፋል?

አይተላለፍም። ሁለቱም። ኩባያ መለየት፣ ልጅን ከአያቱ ማራቅ አያስፈልግም። ሰው ከቲቢ ጋር ስለሚያምታታው ነው። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ካለ ቲቢ መመርመር አለበት፤ ቲቢ ይተላለፋልና።

ቲቢ ይዞኝ ድኛለሁ። አሁን ለምን ትንፋሽ ያጥረኛል?

ቲቢ ሲድን ጠባሳ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ጠባሳው ቧንቧውን ያጠባል ወይም ያለቅጥ ያሰፋዋል። እንደኛ አገር ቲቢ በበዛበት ቦታ ይህ ለሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ በሽታ ትልቅ ምክንያት ነው። «አክታዬ ተመርምሮ ነፃ ነው ተባልኩ» ማለት ሳምባችሁ እንደ ድሮው ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ቲቢው ተመልሶ መጣ ተብሎ መድኃኒቱን ደግሞ ይጀምራል፤ ችግሩ ግን ጠባሳው ነው። ምርመራ ጠይቁ።

በዘር ይመጣል? ሴት ይበዛል ወይስ ወንድ?

አስም በቤተሰብ ይበረታል፤ እናት ወይም አባት ካለባቸው የልጁ ዕድል ይጨምራል። ግን ዘር ብቻውን አይወስንም፤ የጅማ ከተማና ገጠር ልዩነት ራሱ ምስክር ነው። በልጅነት ወንዶች ይበዛሉ። ከጉርምስና በኋላ ይገለበጥና ሴቶች ይበዛሉ።

በክረምት ለምን ይብሳል?

ጉንፋን ነው ዋናው። አብዛኛው የአስም መነሳት ከጉንፋን ቫይረስ ጋር ይመጣል፤ ዝናቡ ደግሞ ሁላችንን አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበስበናል። የጅማ እርጥበትም ቀላል አይደለም። ግድግዳው ይሻግታል፣ ብርድ ልብስ ሳይደርቅ ይከርማል፣ እነዚያ የፍራሽ ነፍሳት በእርጥበት ይራባሉ። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ፍራሹን አውጡት። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆች ጉንፋን ይቀባበላሉና ያኔም ጠንቀቅ በሉ።

ፓፉ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ሱስ ያስይዛል ይባላል። እውነት ነው?

ሱስ አያስይዝም። ብዙ ሰው ግን በዚህ ፍራቻ ክኒንና መርፌ ይመርጣል። ፓፍ መድኃኒቱን በትንሽ መጠን ቧንቧው ላይ ያደርሰዋል። ክኒኑ መላ ሰውነት ዞሮ ነው የሚደርሰው።

ከፍርሃቱ ጀርባ ግን እውነተኛ ችግር አለ። ሰማያዊው ሳልቡታሞል (ቬንቶሊን) ቧንቧውን ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አያጠፋም። እብጠቱን የሚያጠፋው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው በየቀኑ የሚወሰደው ነው። እሱ ወዲያው ስለማይሰማ ሰው ያቋርጠዋል። ሰማያዊውን ብቻ ይዞ ይቀራል። እብጠቱ እየባሰ ሲሄድ ሰማያዊውን ያበዛል፣ ያኔ «ሱስ ሆነብኝ» ይላል። ከ2019 ጀምሮ የዓለም የአስም ሕክምና መመሪያ ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ሳልቡታሞልን ብቻውን መጠቀም አይመክርም። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ጣሳ የሚጨርስ ሰው ለከባድ መታፈን የተጋለጠ ነው። አንዱ ጣሳ 200 ጊዜ ይነፋል፤ ስንት ጊዜ እንደምትገዙ ቁጠሩ።

ለልጆች ማስነፊያው (በፓፉና በልጁ አፍ መካከል የሚገባው ዕቃ) ከሌለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል። ከታች በኩል በፓፉ አፍ ልክ ይበሳና ፓፉ ይሰካል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ሞክረው ጥሩ መሆኑን አሳይተዋል። ጤና ባለሙያ አንዴ ያሳያችሁ።

በምን ምርመራ ይለያል? ራጅ አይበቃም?

ራጅ ቲቢን፣ የሳምባ ምችን፣ ካንሰርን ለመለየት ይረዳል። አስም ያለበት ሰው ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ስፓይሮሜትሪ ነው፦ በሙሉ ኃይል በቱቦ ትተነፍሳላችሁ፣ መሣሪያው በመጀመሪያው ሰከንድ ስንቱ እንደወጣ ይለካል። ፓፍ ወስዳችሁ ትደግማላችሁ። ከዚያ በኋላም በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ሲኦፒዲ ይጠረጠራል። በደንብ ከተስተካከለ ወደ አስም ያዘነብላል። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ቁጥሮቻችን ዝቅ የሚሉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ያልተለካ አይመዘገብም።

ይገድላል?

አዎ። በ2019 በዓለም 262 ሚሊዮን ሰው አስም እንደነበረበትና 455,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። በአስም የሚሞተው አብዛኛው ሰው መድኃኒት በማይደርስበት አገር ያለ ነው፤ ሊድን ይችል ነበር። ሲኦፒዲ በዚያው ዓመት 3.23 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ከዓለም ገዳይ በሽታዎች ሦስተኛው ነበር። ከ70 ዓመት በታች ሆነው በሲኦፒዲ ከሚሞቱት 90 በመቶ ገደማው በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ያሉ ናቸው።

ሰውየው ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ፓፉ ካልረዳው ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሩና ሆስፒታል አድርሱት። ሲር ሲር ማለቱ ድንገት ዝም ካለና ሰውየው ከደከመው ተሻለው ብላችሁ አትዘናጉ። አየር መግባት አቁሞ ይሆናል።

ለጥናት የሚዞሩ ልጆች ቤቴ ቢመጡ ምን ልበል?

አስገቧቸው። ፈቃድ ይጠይቋችኋል፤ ካልፈለጋችሁ እንቢ ማለት መብታችሁ ነው። ከፈቀዳችሁ ግን ሳሉን «ብርድ ነው»፣ ድካሙን «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትመልሱ። የሚሰማችሁን እንዳለ ንገሩ፤ ስም ማውጣት የእነሱ ሥራ ነው። መቼ እንደጀመረ፣ ሌሊት ይቀሰቅስ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት በእንጨት እንዳበሰላችሁ፣ ቡና መፈልፈያ ሠርታችሁ እንደሆነ ንገሩ። ስለ ሌላ ሰው ደግሞ አትመልሱ። ማድቤት ያለችውን ጥሩ፣ እጇን ታጥባ ትምጣ፣ ራሷ ትመልስ።